ከፍ ያለ የሞተር መሪ፦ ለታይታ ነው ወይስ ለወገብ?

  ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ቡና ዋጋ ወይም ስለ ሰሊጥ አይደለም፤ ስለ ሞተር ሳይክል መሪ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዕቃችንን ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከመናኸሪያ ወደ ሱቅ የሚያመላልሱ ወንድሞቻችን ቀኑን ሙሉ ያንን መሪ ጨብጠው እንደሚውሉ ያየ ሰው ትንሽ ነው አይልም።

ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር በነበርንባቸው ዓመታት ከፍ ያለ መሪ የሚፈልጉ ሁለት ዓይነት ሰዎች እናውቅ ነበር። አንዱ ምሽት ላይ በማሽተል መንገድ ክሩዘር ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚነዳው ወጣት ነው። ክሩዘር የምንለው መቀመጫው ዝቅ፣ እግር ማሳረፊያው ወደ ፊት፣ ሳልቫታዮው ሰፋ ያለውን ሞተር ነው። ይህ ወጣት መሪው ከደረቱ በላይ እንዲወጣለት ይፈልጋል፤ ሰው እንዲያየው። ሁለተኛው ደግሞ እንጀራና በርበሬ፣ ቡናና ሽሮ ጭኖ ከሪያድ እስከ ጅሬፍ፣ ከጅሬፍ እስከ ዴም የሚመላለሰው ሠራተኛ ነው። እሱ የሚለው ሌላ ነው፦ «እትዬ፣ ወገቤን ጨረሰኝ። እጄም ይደነዝዛል። ከፍ የሚል መሪ አይገኝም?»

ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። ለመሆኑ ከፍ ያለው መሪ ከመነሻው የማን ነበር? የታይታ ፈላጊው ወይስ የወገብ ሕመምተኛው? ለነጋዴ ይህ የወሬ ጥያቄ አይደለም። ምን ዕቃ እንደምናስመጣና ለማን ምን እንደምንመክር የሚወስን ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ በእኛ አቆጣጠር ስንጽፍ «ዓ.ም.» እንጨምርበታለን።

መሪው ለሰውነት ምን ያደርጋል?

ሰው ሞተር ላይ ሲቀመጥ ሦስት መደገፊያ አለው፦ መቀመጫው፣ እግሩ የሚያርፍበትና እጁ የሚጨብጠው። መቀመጫውንና የእግር ማሳረፊያውን ማዛወር ብረት መቁረጥና መበየድ ይጠይቃል። መሪው ግን በጥቂት ብሎን ነው የታሰረው። ስለዚህ ወገቡን ያመመው ሰው በየትም አገር መጀመሪያ የሚነካካው መሪውን ነው።

መሪው ዝቅና ራቅ ሲል ሰውየው ወደ ፊት ያጎነብሳል። ክብደቱ መዳፉ ላይ ይወድቃል፣ አንገቱም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ትንሿ ጣትና ከጎኗ ያለችው የሚደነዝዙት በመዳፉ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ስለሚጫን ነው። ክሩዘር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እግር ወደ ፊት ስለሚዘረጋ ሰውየው በእግሩ ገፍቶ ራሱን ከመቀመጫው ትንሽ ማንሳት አይችልም። ሁሉም ክብደት ጭራ አጥንቱ ላይ ነው። በዚያ ላይ መሪው ከራቀበት ጀርባው እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ እያንዳንዱ የመንገድ ጉድጓድም በአከርካሪው በኩል እስከ አንገቱ ይወጣል። መሪው ቀረብና ከፍ ሲልለት ግን ደረቱ ይከፈታል፣ ወገቡ ይቀናል፣ ክርኑም ልቀቅ ብሎ ይታጠፋል።

ይህ ዛሬ በሐኪም የሚነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ግን ያለ ሐኪም ያወቁት ነገር ነበር።

ከእንጨት ብስክሌት እስከ አሜሪካ መንገድ

በ1817 ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ባለ ሁለት ጎማውን የእንጨት መንኮራኩር ማንሃይም ከተማ ላይ ሲነዳ ፔዳል አልነበረውም፤ በእግር መሬት እየገፉ ነበር የሚሄዱት። ነገር ግን ድራይስ ከመሪው ሌላ የነጂው ክንድ የሚያርፍበት ሰሌዳ አበጅቶለት ነበር። አስቡት፤ ሞተር የሚባል ነገር ከመፈጠሩ በፊት የእጅ ድካም ታስቦበታል።

በ1885 ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር በእንጨት ክፈፍ ላይ ገጠሙ። ብዙዎች የሞተር ሳይክል አባት የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሞተሮች በመሠረቱ ሞተር የተገጠመላቸው ብስክሌቶች ነበሩ። በአሜሪካ ኢንዲያን በ1901፣ ሐርሊ ዴቪድሰን በ1903 ሲጀምሩ መሪያቸው ረጅም ሆኖ ወደ ነጂው የሚታጠፍ ነበር። ነጂው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ መሪው ወደ እጁ ይመጣለታል እንጂ እሱ ወደ መሪው አይሄድም።

ምክንያቱ መንገዱ ነበር። የአሜሪካ የገጠር መንገድ በዚያን ጊዜ አፈርና ጭቃ ነው፣ ርቀቱም ብዙ ነው። በብዙዎቹ ሞተሮች የኋላው ጎማ ስፕሪንግ እንኳ አልነበረውም። ረጅምና ሰፊ መሪ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ለመታገል ጉልበት ይሰጣል፤ ለሩቅ መንገድም ወገብ ያሳርፋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን ታሪክ የሚሰጠን መልስ ግልጽ ነው፦ ቀድሞ የመጣው ወገብ ነው፤ ታይታው የመጣው ቆይቶ ነው።

የእንግሊዝ አገርን ነገር ብናይ ደግሞ ተቃራኒውን እናገኛለን። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የለንደን ወጣቶች ከካፌ እስከ ካፌ ሲሽቀዳደሙ መሪያቸውን ዝቅ አደረጉ። ንፋሱን ለመቁረጥ በሳልቫታዮው ላይ ይተኙ ነበር። መንገዳቸው አስፋልት ነው፣ ሩጫቸውም የደቂቃዎች ነው። ለአጭር ሩጫ ዝቅ ማለት ይጠቅማል፣ ለሙሉ ቀን ሥራ ግን አይሆንም። መሪን ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ የሚያደርገው እንግዲህ ሥራውና መንገዱ ነው።

መሪው ከትከሻ በላይ ሲወጣ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሐርሊ ለጦሩ ደብልዩ.ኤል.ኤ. የተባለውን ሞተር ከ70,000 በላይ ሠርቶ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ በርካሽ ተሸጡ። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወጣቶች ገዝተው ከባዱን ፓራፋንጎ ቆረጡ፣ ትርፍ የመሰላቸውን ሁሉ አወለቁ፣ መሪውንም ቀየሩ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መሪው እየረዘመ ሄዶ ከትከሻ በላይ ወጣ። የጨበጠው ሰው ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ዝንጀሮ ስለሚመስል ስሙንም አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከዝንጀሮ ወሰዱለት።

ፋሽኑ ልጆችም ዘንድ ደረሰ። በካሊፎርኒያ ልጆች የብስክሌታቸውን መሪ ከፍ ባለ መሪ ሲቀይሩ ያየው የሽዊን ኩባንያ በ1963 ስቲንግ ሬይ የተባለውን ባለ ረጅም መሪ ብስክሌት አወጣ። በ1969 ደግሞ «ኢዚ ራይደር» የተባለው ፊልም ወጣና ረጅም መሪ ያለውን ሞተር ዓለም ሁሉ አየው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንፈልግም። በፊልሙ ውስጥ ያሉትን ዝነኛ ሞተሮች ያበጁት ክሊፍ ቮህስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ለብዙ ዓመት ግን ሞተሩን ያየ ሁሉ የሠሪዎቹን ስም አያውቅም ነበር። በሰው አገር ሠርቶ ስሙ ሳይነሳ የሚቀር ሰው ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

መሪው ከትከሻ ሲያልፍ ግን ለወገብ የነበረው ጥቅም ተገለበጠ። እጅ ከልብ በላይ ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ይደክማል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል። ሞተሩንም በጠባብ ቦታ ለማዞር ያስቸግራል። ከአሜሪካ ግዛቶች በርካቶቹ ሕግ እስከ ማውጣት ደረሱ፦ አንዳንዱ መሪው ከነጂው ትከሻ አይለፍ አለ፣ አንዳንዱ ከመቀመጫው በላይ በኢንች ለክቶ ወሰነ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ዓይነት ሕግ መለኪያው የሰው ሰውነት ነው። ሞተሩ ሳይሆን ትከሻው ነው የሚለካው። ይህንን ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ከዚያ ፋብሪካዎቹ መሃለኛውን መንገድ ያዙ። ሐርሊ በ1971 ሱፐር ግላይድን አወጣ። ጃፓኖቹም ተከተሉ፤ ያማሃ በ1981 ቪራጎን፣ ሆንዳ በ1983 ሻዶን ለገበያ አቀረቡ። ዝቅ ያለ መቀመጫና ወደ ኋላ የሚመለስ፣ መጠነኛ ከፍታ ያለው መሪ ሆነ የክሩዘር መለያው። በሕንድ ደግሞ ባጃጅ ከካዋሳኪ ጋር ከሠራው ኤሊሚኔተር ተነሥቶ በ2005 አቬንጀርን አወጣ። በ2015 አቬንጀርን በሁለት መልክ ሲያቀርብ አንዱን ዝቅ ባለ መሪ ለከተማ ሩጫ፣ ሌላውን ከፍ ባለ መሪ ለረጅም መንገድ ነበር ያዘጋጀው። ከመቶ ዓመት በላይ ዞሮ ዞሮ ነገሩ ወደ መነሻው ተመለሰ፦ ከፍ ያለ መሪ ለሩቅ መንገድ።

በእኛ በኩልስ?

የሞተር መሪ ታሪክ ወደ እኛ የመጣው በአሜሪካ በኩል ሳይሆን በጣልያን በኩል ነው። በ1935 የገባው የጣልያን ጦር መኪናና ሞተር ሳይክል፣ መካኒክና ጋራዥ ይዞ ነው የመጣው። ሞቶ ጉዚ ከ1932 ጀምሮ ለጦሩ የሠራው ባለ 500 ሲሲ ሞተር ከነዚህ አንዱ ነው። ጣልያን በ1941 ተሸንፎ ሲወጣ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ዛሬም ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ጋራዥ ገብታችሁ ስሙ፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ሳልቫታዮ። ከእነዚህ መሃል «መሪ» የራሳችን ቃል ሆኖ መቆየቱ ደስ ይላል። የሚመራ ስለሆነ መሪ አልነው።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከጣልያን ሌላ ነገር መጣ። የፒያጆ ኩባንያ በ1946 ቬስፓን አወጣ። የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር ይባላል፤ አይመችም፣ ያቆሽሻል ብሎ። ስለዚህ ሰው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ቀጥ ብሎ፣ እግሩን አጋጥሞ የሚነዳውን ሠራ። ማርሹንም ከእግር አንሥቶ መሪው ላይ አደረገው። በ1948 ከቬስፓ ባለ ሦስት እግሯን አፔ አወጡ። ሕንድ ውስጥ ባጃጅ በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈቃድ አግኝቶ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር መሥራት ጀመረ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ በኢትዮጵያ የኩባንያው ስም የተሽከርካሪው ስም ሆነ፣ በሱዳን ደግሞ ራክሻ ተባለ።

እንግዲህ ተመልከቱ። የባጃጅ ነጂ የሚጨብጠው የመኪና መሪ አይደለም፤ የሞተር መሪ ነው። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ክርኑ ይታጠፋል፣ እጁ ከደረቱ በታች ነው። በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነዳ የባጃጅ ሰው ቢደክመውም፣ በሞተር አጎንብሶ እንደሚውለው መዳፉ አይደነዝዝም፤ ክብደቱ መዳፉ ላይ አይደለማ። ለወገብ ሲባል የተቀመረ መሪ አገራችን ውስጥ ሞልቶ ሳለ እኛ ግን እንደ ሞተር መሪ አንቆጥረውም። ሪያድ ውስጥ ከራክሻ ወደ ሞተር የተሸጋገሩ ልጆች መሪ ከፍ እንዲልላቸው የሚጠይቁት ከሌሎቹ በበለጠ ለምን እንደነበር የገባን በዚህ ነው። ሰውነታቸው ልኩን ያውቀዋል።

ካርቱም ውስጥ ለምን ልኩ ጠፋ?

የካርቱም ገበያ የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ በኅዳር ወር 1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለች፤ የተነሣው በጥቅምት 2017 ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት የአሜሪካ ሞተርም ሆነ መለዋወጫው በቀጥታ ንግድ መግባት አይችልም ነበር። ካርቱም የሚደርሰው የሕንድ፣ የቻይናና የጃፓን ዕቃ ነው፤ ብዙውም በዱባይ በኩል። ሰው ግን ፊልምና ስልክ ላይ የሚያየው የአሜሪካውን ነው። ዓይኑ ሐርሊ ላይ፣ እጁ ቦክሰር ላይ ሆነ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የሐርሊ መሪ የሚታሰርበት ቦታ ውፍረቱ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች ነው። የሕንድና የጃፓን ትንንሽ ሞተሮች መሪ ግን 22 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው ልዩነቱ፤ ነገር ግን ማሰሪያው አይቀበለውም፣ የፍሬን እጀታውም የጋዝ መስጫውም አይገባበትም። ማዕቀቡ ሲነሣ ከውጭ በሻንጣ የመጡ ረጃጅም መሪዎች ገበያው ላይ ታዩ። የማይገባውን ለማስገባት አንዳንዱ ሞረደ፣ አንዳንዱ ቆርቆሮ ጠቀለለበት፣ አንዳንዱ ደግሞ የድሮውን መሪ ቆርጦ በመሃሉ ቧንቧ በየደበት። ሦስቱም አደጋ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ብየዳው ነው። መሪ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ብረት ስለሆነ ብየዳው ዳር ላይ ሳይታይ ይሰነጠቃል፤ የሚሰበረው ደግሞ ሰውየው አጥብቆ በያዘው ሰዓት፣ ፍሬን ሲይዝ ወይም ጉድጓድ ሲገባ ነው።

አንድ ዕቃ አመላላሻችን የደረሰበትን እንንገራችሁ። ስሙን አንጠራም፣ መሪውን የገጠመለትንም ጋራዥ አንጠራም። ልጁ ከፍ ያለ መሪ ገዝቶ አስገጠመ። መሪው ልኩ ነበር፣ ብየዳም አልነበረበትም። ጋራዡ ግን የድሮዎቹን ካቦዎች አልቀየረም፤ ይደርሳሉ ብሎ ወጥሮ አሰራቸው። ቀጥ ባለ መንገድ ሁለት ቀን በሰላም ነዳ። በሦስተኛው ቀን ከስድሳ መንገድ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ መሪው ሲዞር የጋዙ ካቦ ተወጠረና ሞተሩ በራሱ ጋዝ ሰጠ። መታጠፊያው ላይ ሞተሩ ተፈናጥሮ ወደቀ። የአንገቱ አጥንት ተሰበረ፣ ለሁለት ወር ሥራ ፈታ። እናቱ ጎንደር ነበሩ፤ በየወሩ የሚልክላቸው እሱ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እዚያም ቤት ጎደለ ማለት ነው። ለወገቡ ምቾት ብሎ የጀመረው ነገር ነው እንግዲህ፤ ፍላጎቱ ትክክል ነበር፣ አሠራሩ ግን ጎደለ።

ልክ እንዴት ይወሰዳል?

የታሪኩ ትምህርት መለኪያው ሰውየው ነው የሚል ነበር። ይህን በሥራ ላይ ማዋል እንዲህ ነው። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ አንድ ሰው ይያዘው። ነጂው ሁልጊዜ እንደሚቀመጠው ይቀመጥ፣ እግሩን ቦታው ያድርግ፣ ትከሻውን ያላላ። ዓይኑን ይጨፍንና እጁን ወደ ፊት መሪ እንደሚጨብጥ ያንሣ፤ ክርኑ ትንሽ እንደታጠፈ። ሌላ ሰው ከእጁ እስከ አሁኑ መሪ ያለውን ርቀት ይለካ፦ ወደ ላይ ስንት፣ ወደ ኋላ ስንት።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚገረሙበት ነገር አለ። አብዛኛው ሰው የሚጎድለው ከፍታ ሳይሆን ቅርበት ነው። መሪው ወደ እሱ ቢመጣለት ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን ፎቶ አይቶ ከፍታ ይገዛል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ አዲስ መሪ ላያስፈልግ ይችላል። የድሮውን መሪ አላልቶ ትንሽ ወደ ኋላ ማዞር፣ ወይም ከሥሩ ማንሻ ብረት አስገብቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል። እጁ ከትከሻው ከፍ የሚልበት መሪ ግን ለሥራ ሰው አይሆንም።

መሪው ከተቀየረ ደግሞ ዝርዝሩ ይህ ነው። የፍሪሲዮኑ ካቦ፣ የጋዙ ካቦ፣ የፊት ፍሬኑ ካቦ ወይም የዘይት ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ፤ አራቱም መድረስ አለባቸው። ተወጥረው ሳይሆን ልቅ ብለው። ቱቦው ከተቀየረ የፍሬን ዘይት ተሞልቶ አየሩ መውጣት አለበት፤ አየር ያለበት ፍሬን ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ ነው። ስፖኪዮውም እንደገና ይስተካከል። ከዚያ ሞተሩ ቆሞ ሳለ አስነሡና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሩት። ድምፁ ከጨመረ የጋዙ ካቦ አጥሯል፤ ከዚያ ቦታ አንድ እርምጃ አትነዱት። ወንድማችን ያንን ጊዜ ይህች የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ብትደረግለት ኖሮ ሁለት ወር አይተኛም ነበር።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ንግድ ትምህርት ቤት ስንማር ከሁሉ በፊት የተነገረን የዕቃ ዋጋ ማለት መለያው ላይ የተጻፈው አይደለም፣ ዕቃው ሥራ ላይ እስኪውል የወጣው ሁሉ ነው የሚል ነበር። ለከፍ ያለ መሪም እንዲሁ ነው። መሪው ራሱ፣ ካቦዎቹ፣ ቱቦውና ዘይቱ፣ የእጅ ዋጋው፣ ሞተሩ ጋራዥ የሚቆምበት ቀን ገቢ ይደመራል። የካቦዎቹና የቱቦው ወጪ መሪውን ሊበልጥ ይችላል። ሻጭ መሪውን ብቻ ነጥሎ በርካሽ ሲያቀርብ ገዢው የቀረውን ወጪ በራሱ ላይ ይቆጥባል፤ የሚቆጥበውም ካቦውን ነው። ስለዚህ እኛ ነጋዴዎች መሪን ነጥለን ባንሸጥ መልካም ነው። መሪና ካቦ በአንድ ከረጢት፣ በአንድ ዋጋ ይሁን። ትርፉ ትንሽ ቢቀንስ እንኳ ደንበኛው በጤና ይመለሳል።

ለገዳሪፍ መንገደኞች ደግሞ አንዲት ነገር እንጨምር። ከካርቱም እስከ ገዳሪፍ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ለከተማ መልካም ሆኖ ሳለ በሩቅ ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዱ ንፋሱ ደረትን ይገፋል፤ ሰውየው እንዳይወድቅ መሪውን ይጎትታል፣ ክንዱም በሌላ መንገድ ይደክማል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ የሚውለውና ሩቅ የሚሄደው ልካቸው አንድ አይደለም። የእንግሊዝና የአሜሪካው ታሪክ የነገረንም ይህንኑ ነው።

ዛሬስ?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ሪያድ ሰፈር እንደነበረች አልቀረችም። ሱቅ የነበረን ሱቃችንን፣ ሞተር የነበራቸው ሞተራቸውን ትተው ወጡ። ከኛ ብዙዎቹ በገዳሪፍ አድርገው፣ ጋላባትን ተሻግረው መተማ ገቡ። ዕቃ አመላላሾቻችን ዛሬ ተበትነዋል፤ ገሚሱ መተማና ጎንደር ነው፣ ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ደግሞ ሱዳን ውስጥ ቀርቷል። አዲስ አበባ የገባው ደግሞ ሌላ ደንብ ጠበቀው፤ ከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ከልክላለች። ስለዚህ ብዙዎቹ ባጃጅ ላይ ተመልሰው ወጥተዋል፣ ፈቃድ ያገኙት ሞተር ይነዳሉ፣ ገሚሱም ጠረፍ ላይ ጭነት ያመላልሳል።

ሞተሩም ከተማውም ተቀየረ፤ ወገቡ ግን ያው ወገብ ነው። ሁሉን አጥቶ ከዜሮ ለጀመረ ሰው ደግሞ ካፒታሉ ሰውነቱ ብቻ ነው። ሱቅ ቢዘረፍ ይከፈታል፣ ሞተር ቢጠፋ በዕቁብም ቢሆን ይገዛል። በሠላሳ ዓመቱ የጎበጠ ወገብ ግን በዕቁብ አይገዛም። የመሪ ከፍታ ጉዳይ የቅንጦት አይደለም የምንለው በዚህ ነው። ለሥራ ሰው የመሪው ልክ እንደ ጫማው ልክ ነው፤ ጠቦት የሚራመድ የለም።

ስለዚህ እህት ወንድሞቻችን፣ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ «ከፍ ያለ መሪ ልግጠም» ሲላችሁ «ታይታ አበዛህ» ብላችሁ አትቆጡት። መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሚያመው ጠይቁት። ከዚያ ሜትር አምጡና እጁን ለኩ። ካቦውን ከመሪው ጋር ግዙለት፣ ሲገጠም አብራችሁ ቁሙ፣ ግራና ቀኝ ሳይዞር ከጋራዥ አይውጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገጠመ መሪ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍለው።

እናንተም በያላችሁበት በምትነዱት ሞተር ላይ ያያችሁትን፣ ለወገባችሁ የበጃችሁን ላኩልን፤ በአማርኛም በዓረብኛም እናወጣዋለን። መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ በሰላም ውላችሁ በሰላም ግቡ።